የተፈረደልኝ ወረቀትና የልብስ ስፌት መኪናው

የፍርዱን ግልባጭ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጥኩት ሁለት ዓመት ሆነው። «ተከሳሽ ለከሳሽ ብር 80,000 ትክፈል» ይላል። ማኅተምም ፊርማም አለው። ገንዘቡ ግን የለም።

ተከሳሽዋ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ልጇና የእኔ የልጅ ልጅ ደረጃው ላይ አብረው ይጫወታሉ። የልብስ ስፌት ሱቅ ልትከፍት ስትነሣ፣ ከነርስነት ስራ ስሰናበት ያጠራቀምኩትን አውጥቼ አበደርኳት። ገንዘቡን ለዓይኔ ሞራ ቀዶ ሕክምና ነበር ያስቀመጥኩት። ሱቁ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። «ሲስተር፣ ትንሽ ታገሺኝ» እያለች ቆየች፤ በኋላ ስልኬንም ማንሳት ተወች። ሽማግሌም ልኬ እምቢ ስላለች ከሰስኳት።

ያዳነኝ አንድ ገጽ የብድር ውል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ምስክር ብቻውን አይበቃም። ለልጅም ለወንድምም ስታበድሩ ይህን አትርሱ።

ከተፈረደልኝ በኋላ ግን አንድ የቆየ የሙያዬ ነገር ትዝ አለኝ። ሐኪም መድኃኒት አዘዘ ማለት መድኃኒቱ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ፋርማሲው ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍርድም እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን አምጥቶ እጃችሁ ላይ አያኖርም። የአፈጻጸም ማመልከቻ ማስገባት፣ የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ ማሳየት የባለመብቱ ስራ ነው። ባለዕዳው ራሱም ቀርቦ ስላለው ንብረት እንዲጠየቅ ማመልከት ይቻላል።

እሷም ቀርባ ተጠየቀች። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ባንክ ደብተሯ ባዶ፣ ባሏ ጥሏት ሄዷል። የቀራት የስፌት መኪናዋ ብቻ ነበር። እኔም በንዴት «እሱ ይሸጥ!» አልኩ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 ግን ሰው የሚተዳደርበት የሙያ መሣሪያ እንዳይያዝ ይከለክላል። ለቤተሰቡ የሦስት ወር ቀለብ የሚሆነውም፣ ጡረታም፣ የቀለብ ገንዘብም አይነካም። ደመወዝ ቢኖራትም የሚያዘው ከሦስት አንድ እጁ ብቻ ነው።

«ታዲያ ትታሰር» ያለኝ ዘመድም አልጠፋም። ሕጉ እስከ 6 ወር የሚደርስ እስር ያውቃል፤ እሱ ግን እያለው አልከፍልም ለሚል እንጂ ለሌለው አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። በአያቶቻችን ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ ዛሬም «የእገሌ ቁራኛ ሆንኩ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ሳስበው፣ እኔም ሁለት ዓመት በንዴት የእሷ ቁራኛ ሆኜ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ልጇ እየሳለ አገኘሁት። ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ ፈጣን ነበር። ጤና ጣቢያ አብረን ወሰድነው። ወረፋ ስንጠብቅ «ሲስተር፣ የሸሸሁሽ ስላፈርኩ ነው» አለችኝና አለቀሰች። እኔም «ልጄ፣ ከመሸሽ በወር የምትችይውን ንገሪኝ» አልኳት።

በወር 1,500 ብር ተስማማን። ወለዱን ተውኩላት። ስምምነቱን ግን በአፍ አልተውነውም፤ ጽፈን ከአፈጻጸም ፋይሉ ጋር አያያዝነው። ፍርድ የሚፈጸምበት ጊዜ 10 ዓመት ነውና መዝገቡ ሕያው መሆን አለበት። ዛሬ ባዶ እጁን ያለ ሰው ነገ ስራ ሊይዝ፣ ውርስ ሊደርሰው ይችላል።

እስካሁን በስምንት ወር 12,000 ብር ከፍላለች። ቀሪው ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ይፈጃል። እኔ 66 ዓመቴ ነው፤ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ዓይኔን ልጆቼ አዋጥተው ሊያሳክሙኝ ነው።

ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች የምለው ይህ ነው፦

ከማበደራችሁ በፊት ተበዳሪው ቢከስር ከምን ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ። ውል ጻፉ። ዋስ ካለ የሚዋስበት የገንዘብ ጣሪያ በውሉ ይጠቀስ፤ ሕጉ ይህን ይጠይቃል። ከመክሰሳችሁም በፊት የሚያዝ ነገር መኖሩን አጣሩ፤ ከሌለ የዳኝነትና የጠበቃ ወጪ በኪሳራ ላይ ኪሳራ ነው። ከሁሉም በላይ የመታከሚያችሁን ገንዘብ አታበድሩ።

ማታ ማታ ከላይኛው ፎቅ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው የምጨነቀው።