ደረስጌ በየትኛው መዝገብ ትገባለች?

እ.ኤ.አ. በ1978 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ላሊበላ በባህል ቅርስነት ገባ፤ ስሜን ደግሞ በተፈጥሮ። ላሊበላ ከነካህናቱና ከነንግሡ ሲመዘገብ፣ ከስሜን በኩል የተመዘገበው ገደሉ፣ ዋልያው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ሆነ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ሐሰት የለበትም። ዋልያ ከዚህ ተራራ ውጪ በዓለም ላይ አይገኝም። ያልሰፈረው ግን ብዙ ነው። በዚያው ሰንሰለት ላይ ለሺህ ዓመታት ገብስ የዘራ፣ የነገሠ፣ የተዋጋ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሠራ ሰው በቅርሱ ትርጉም ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ ስሙ የተነሣ እንደሆነም ለእንስሳቱ ስጋት ተብሎ ነው።

የዚህ መዘዝ ደባርቅ ላይ በዓይን ይታያል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዳባት ቀጥሎ የሚገኘው ይህ ብርዳም ከተማ በሰላሙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያስተናግዳል። አንዱ ወደ ሽሬ የሚያልፈው ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቀየሰውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ እየወረደ፣ የፍሬን ሸራው ሽታ አፍንጫ እየሰነፈጠው፣ ድብ ባሕርን አልፎ ወደ ዘሪማ ቆላ ይገባል። ሁለተኛው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የሚወርደው ጎብኚ ነው። እዚያ የመግቢያ ክፍያውን ከፍሎ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ባለ በቅሎ በየተራቸው ይደርሱታል። ተራው በማኅበር የተያዘ ስለሆነ ማንም ማንንም ቀድሞ እንግዳ አይወስድም። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ጉልበት ያለው ደግሞ በብዋሂት አቋርጦ ራስ ዳሽን። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የለችም።

ደረስጌ ያለችው ከዚያው ከብዋሂት ማዶ፣ በጃናሞራ፣ በመካነ ብርሃን አቅጣጫ ነው። አስጎብኚዎቹ ያውቋታል፤ ጠይቃችሁ ብትሄዱ ይወስዷችኋል። የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ስለ አፄ ቴዎድሮስ ቴያትር ያየ፣ ግጥም በቃሉ የያዘ፣ ሴባስቶፖልን የሚያውቅና መቅደላን በሕልሙ የሚያይ የአዲስ አበባ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ የት እንደነገሡ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ጎንደር የሚል ይመስለኛል። ቴዎድሮስ የነገሡት ግን በጠላታቸው ቤተ ክርስቲያን፣ በደረስጌ ነው።

ጠላትየው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። የስሜን ባላባት ልጅ፣ ከ1831 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትግራይንም ደርበው የገዙ፣ በዘመነ መሳፍንት ከነበሩት ሹማምንት ሁሉ ወደ ዘውዱ በጣም የቀረቡ ሰው ነበሩ። ከግብፅ ጳጳስ አስመጡ፤ ከአውሮፓውያን ጋር ተጻጻፉ፤ ጠመንጃ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1842 መጀመሪያ ደብረ ታቦር ላይ በወቅቱ እንደራሴ የነበሩትን ራስ ዓሊን ገጥመው ድል አደረጉ። ዓሊ ሸሽተው አመለጡ። ውቤ ድሉን በድንኳናቸው ሲያከብሩ፣ ሠራዊታቸውም በምርኮና በጠጅ ተበትኖ ሳለ፣ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ድል አድራጊውን ማረካቸው። በአገራችን የጦርነት ታሪክ እንዲህ ያለ መገለባበጥ ጥቂት ነው። ውቤ በድርድር ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ፤ የንግሥናውን ሐሳብ ግን አልተዉም።

ደረስጌ ማርያም የዚያ ሐሳብ ፍሬ ናት። ውቤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲያሠሩ ሥራውን ለአገሬው ባለሙያ ብቻ አልተዉትም፤ በእሳቸው ግዛት ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐርና የአገሩ ልጅ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር እጃቸው አለበት። ሺምፐር ለአውሮፓ ሙዚየሞች ቅጠል እያደረቀ የሚልክ ሰው ነበር። ስሜን ደጋ ላይ ታቦት የሚገባበትን ሕንፃ በማሠራት ይሳተፋል ብሎ ማን ያስባል? ሕንፃው ግን ባዕድ አይደለም። በአገራችን ወግ ክብ ሆኖ፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ በየሥርዓታቸው የቆሙ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። የሚበዛው ሰው እንደሚለው ውቤ ያሠሯት ሊቀቡባት ነበር።

የተቀባው ሌላ ሆነ። የቋራው ካሣ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1853 አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ከሰበሩ በኋላ የቀሩት ዋነኛ ባላንጣ ውቤ ነበሩ። ውቤ ያስመጧቸው ጳጳስ አቡነ ሰላማም በዚያን ጊዜ ወደ ካሣ አዘንብለዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሁለቱ ጦሮች እዚያው ደረስጌ ላይ ተገናኙ። ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላ አቡነ ሰላማ ካሣን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቀብተው «ቴዎድሮስ» አሏቸው። ሕንፃው ተዘጋጅቷል፣ ጳጳሱ አሉ፣ ካህናቱ ቆመዋል፤ የተለወጠው ባለ ዘውዱ ብቻ ነው። ውቤ ቀሪ ዕድሜያቸውን በእስር አሳልፈው መቅደላ ላይ ሞቱ።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ይዘውት የሄዱት፣ በ1879 እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር የተቀበረው ልጅ ማለት ነው። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም። ስለ ዓለማየሁ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናነሣው የአባቱን ወገን ነው። በእናቱ በኩል የስሜን ልጅ፣ ደረስጌን ያሠሩት የውቤ የልጅ ልጅ ነው። ሁለቱን ባላንጣዎች በደሙ ያስታረቀ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ወደ ደረስጌ ዕቃ ቤት እንመለስ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ካሏት መጻሕፍት አንዱ ባለ ሥዕል የዮሐንስ ራእይ ነው። እንዲህ ራእዩን በሥዕል ተከታትለው የሚተርኩ የታወቁ የኢትዮጵያ ብራናዎች ሁለት ሲሆኑ አንዱ ደረስጌ፣ ሌላው ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የለንደኑ የመቅደላ ዘረፋ ነው። ስለ ደረስጌ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈችው ዶሮቴያ ማክኢዋን ናት፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝኛ ነው። የለንደኑን ብራና ለማየት ቀጠሮ ይያዛል፣ ቅጽ ይሞላል። የደረስጌውን ለማየት የሚያስፈልገው የካህናቱ ፈቃድ ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት እንደሚደረገው የዕቃ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይያዝም፤ ከቁልፍ ያዦቹ አንዱ ለቀብር ወይም ለገበያ ከወጣ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ነው። ቱሪስት ይማረርበታል። እኔ ግን ብራናው እስከ ዛሬ እዚያ የቆየው በዚህ ዘገምተኛ ሥርዓት ይመስለኛል።

መቅደላን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ያን ጊዜ ከቦምቤይ በመርከብ መጥቶ ዙላ ላይ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ጦር በብዛት ሕንዳዊ ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ከቴዎድሮስ ሰዎች ጋር ጨበጣ ከገቡት አንዱ 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒየር ሬጅመንት ነው፤ ወታደሮቹ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ። የነዚያ ወታደሮች አገር ፑንጃብ ዛሬ ሉዲያና የሚባል የፋብሪካ ከተማ አለው። ብስክሌትና የሱፍ ልብስ ይመረትበታል። ከተማው ዳር፣ አላምጊር በሚባል ቦታ፣ የሲኮች መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ አርፈውበታል የሚባል ማንጂ ሳሂብ የተሰኘ ጉርድዋራ (የሲኮች ቤተ ጸሎት) አለ። በጭስና በጭነት መኪና መካከል ያለውን ይህን ቦታ በሕይወት ያቆየው በዋናነት የውጭ ቱሪስት አይደለም። ከፋብሪካ የወጣ ሠራተኛ ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ ይገባል፤ በነጻ ከሚታደለው ላንጋር ይበላል፤ ድስቱን ራሱ ያጥባል። ሲኮች የመቅደሶቻቸውን አስተዳደር በትግል አስለቅቀው እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ለተመረጠ ኮሚቴ ሰጥተዋል። እኛ ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር ያለን ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ደባርቅ የጎደላት እንዲህ ያለ የአገር ምዕመን እንግዳ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የስሜን የቱሪዝም ዕቅድ የተሠራው ለአንድ ዓይነት እንግዳ፣ ለባዕዱ ተራራ ወጪ ነው። ለልደት ወደ ላሊበላ፣ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን፣ ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ መዝሙር እየዘመረ የሚጓዘው ምዕመን በዕቅዱ ውስጥ አልታሰበም። ይህ ሰው ባለ ኮከብ ሎጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መንገድ፣ ውኃና ማደሪያ ነው። ቀን እንኳ በማርያም የሚቆጥር ሕዝብ ደረስጌ ማርያምን ለማወቅ የጎደለው አንድ ማስታወቂያና አንድ አውቶቡስ ነው።

ሰው ከመዝገቡ የመውጣቱ ነገር ግጭ ላይ ደግሞ ከመዘንጋት አልፏል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ፤ በተራራው አናት ገብስ ዘርተው፣ በግና ከብት አርብተው፣ መስጊዳቸውን ሠርተው ትውልድ ኖረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሲገባ ከምክንያቶቹ አንዱ የነሱ እርሻና ግጦሽ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ይዞ፣ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ሰው የሌለበት አፍሪካ ፈጠሩ ሲል ከሷል። ክሱ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ ሳሩ እስከ ሥሩ የተጋጠበትን መሬትና ቁጥሩ የተመናመነውን ዋልያ ማየት ይፈልጋል። ግን አንድ ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም፦ ከግጭ ሰው ሲወጣ የመስጊዱን፣ የመቃብሩንና የአጥሩን ድንጋይ በቅርስነት የመዘገበ ማነው?

የቤተ እስራኤልም እንዲሁ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፄ ሠርፀ ድንግልና ከአፄ ሱስንዮስ ጋር የተዋጉት በነዚህ አምባዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ ያን ታሪክ በቦታው ቆሞ የሚናገር ሰው ጠፋ።

ከድብ ባሕር በታች ቆላውን ወርደን ዋልድባ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ከእንስሳ ወደ ፋብሪካ ይሻገራል። እህል የማይዘራበት፣ መነኮሳቱ ቋርፍ በልተው የሚኖሩበት ገዳም ደጅ ላይ በ2004 ዓ.ም. የወልቃይት ስኳር ልማት ደረሰ። ከስሜን የሚወርደው የዘሪማ ወንዝ ሊገደብ፣ ቆላው ሸንኮራ ሊለማበት ታቀደ። መነኮሳቱ የቅዱሳን አፅም ያረፈበት መሬት ሊታረስ ነው አሉ፤ መንግሥት ገዳሙ አይነካም አለ። ያኔ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክህነትም በሩን የዘጋባቸው መነኮሳት ጩኸታቸውን የሰማላቸው ተራው ምዕመን ነበር፤ በየአጥቢያውና በውጭ አገር ያለው ሰው ስለ ዋልድባ ያወቀው በነዚያ ወራት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 በእጃችን እያለ፣ አንድ ገዳም ክልሉ የት እንደሚያበቃ ከፋብሪካ ጋር መከራከር አልነበረበትም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ጦርነት ይህን ሁሉ ክርክር ወደ ጎን ገፋው። ግንባሩ እስከ ደባርቅና ዳባት አቅራቢያ ደረሰ። በዳባት በኩል ያለችው ጭና የንጹሐን መቃብር ሆነች። በቅሎ ጫኙ በቅሎውን ሸጠ፤ አስጎብኚው ሌላ ሥራ ፈለገ። የውጭ እንግዳ ሲቀር ለሱ ብቻ የተሠራው ኑሮ አብሮ ቆመ።

ሆኖም አንድ ነገር ከጦርነቱ በፊት ተጀምሯል። ፓርኩን ከአደጋ ዝርዝር ለማውጣት ዩኔስኮ ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ በፓርኩ ልብ ውስጥ የሚያልፈው ጎዳና ከፓርኩ ውጪ እንዲዞር ነበር። አዲሱ መንገድ ከደባርቅ ተነሥቶ በመካነ ብርሃን ወደ ድልይብዛ ይሄዳል። ለዋልያው ሲባል የተቀየሰው ይህ መንገድ የፓርኩ መግቢያ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት፣ ስካውት ሳይመደብለት፣ አውቶቡስ ጃናሞራ የሚገባበት መንገድ ነው። ሰላም ሆኖ የመጀመሪያው የማርያም ንግሥ ሲደርስ አውቶቡሱን የሚከራየው የጎንደር ጽዋ ማኅበር ይሁን የደባርቅ አስጎብኚዎች ማኅበር፣ ገና አልተነጋገሩበትም።