የመኪና አንቴናና የማይታየው ግማሹ

የመኪና አንቴና በአየር ላይ የሚጓዘውን የሬዲዮ ሞገድ ወደ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጦ በኬብል ወደ ሬዲዮኑ የሚያደርስ የብረት ዘንግ ነው። ረጅሙ ዘንግ በዝቅተኛ የግቢ በር ወይም በመኪና እጥበት ላይ ሲሰበር፣ ብዙ የአዲስ አበባ ባለ መኪናዎች ወደ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ሄደው ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚረዝም አጭር አንቴና ይተኩታል። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ አሮጌው በእጅ ተፈትቶ ይወጣል፣ የጥርሱ ውፍረት (አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር) ከአዲሱ ጋር ይመሳከራል፣ አዲሱም በእጅ ኃይል ብቻ ይጠብቃል። በፒንሳ የሚያጠብቅ ሰው ወይ ጥርሱን ይበላዋል፣ ወይ ከሥር ያለውን መቀመጫ ያናጋዋል፣ ጥፋቱም የሚገለጠው ከወራት በኋላ ነው።

የቀድሞው ዘንግ ከ75 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ መርዘሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ102.1 ሜጋ ኸርዝ የሚሰራጨው የሸገር ኤፍ ኤም አንድ ሙሉ ሞገድ 2.94 ሜትር ይረዝማል፤ የዚህ ሩብ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሞገዱን ሩብ የሚያህል ዘንግ ከሞገዱ ጋር ይናበባል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በዘንጉ ላይ በቀላሉ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይሁን እንጂ ይህ ዘንግ የአንቴናው ግማሽ ብቻ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሌላው ግማሽ ከሥሩ የተዘረጋው የመኪናው ቆርቆሮ ነው። ኤሌክትሪክ በዘንጉ ላይ ወደ ላይ ሲነዳ፣ በዚያው ቅጽበት ይህንኑ የሚመጥን ኤሌክትሪክ በጣራው ወይም በፓራፋንጎው ላይ ይፈስሳል፤ ሬዲዮኑ የሚያነበውም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ጉልዬልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 ጣሊያን ውስጥ በአባቱ ርስት ላይ ሲሞክር፣ የመሣሪያውን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ሌላውን ከመሬት ጋር ባገናኘው ጊዜ ሞገዱ ኮረብታ ተሻግሮ መሰማቱን አስተውሏል። በመኪና ላይ የመሬቱን ቦታ የሚይዘው ቆርቆሮው ነው፤ ስለዚህ ጎማው መኪናውን ከመሬት ስለሚለየው አንቴናው በደንብ አይሠራም የሚለው በየጋራዡ የሚሰማ ሐሳብ መሠረት የለውም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ርዝመትን ከመለካት ይበልጣል። ከአንቴናው ወደ ሬዲዮኑ የሚወርደው ኬብል በመካከሉ አንድ ቀጭን ሽቦ፣ በዙሪያውም እንደ መረብ የተጠለፈ ሁለተኛ ሽቦ አለው፤ መካከለኛው ከዘንጉ ጋር፣ መረቡ ደግሞ በመቀመጫው በኩል ከቆርቆሮው ጋር መነካካት አለበት። ይህ ንክኪ የሚጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ቀለም ሲቀባ መቀመጫው ሳይነቀል አብሮ ይቀባል፤ የላስቲኩ ማሸጊያ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የክረምት ውኃ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል፤ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ ማሸጊያውን ጨርሶ ጥሎ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ አጭር አንቴና ተገጥሞ ድምፁ በጫጫታ ሲረበሽ፣ ጥፋቱ ሁሉ በአጭሩ ዘንግ ላይ ይላከካል፤ ቀድሞም ግን ግማሹ አንቴና ተቋርጦ ነበር፣ ረጅሙ ዘንግ ጉድለቱን ይሸፍነው ስለነበር ማንም አላስተዋለውም። ምርመራው ቀላል ነው፤ ኬብሉ ከሬዲዮኑ ተነቅሎ፣ የቴስተር አንዱ ጫፍ በኬብሉ ጫፍ ውጫዊ ብረት ላይ፣ ሌላው ባልተቀባ የመኪናው ብረት ላይ ሲደረግ ንባቡ ወደ ዜሮ ኦም መቅረብ አለበት። ካልቀረበ መቀመጫው ተፈትቶ ከሥሩ ያለው ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ይፈገፈጋል፣ ማሸጊያውም በአዲስ ይተካል።

በጣራ ላይ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ ብረት) የተጫነበት መኪና የራሱ ችግር አለው፤ ረጅሙ ዘንግ ከብረቱ በላይ ብቅ ይል የነበረውን ያህል አጭሩ በብረቱና በዕቃው መካከል ተሸሽጎ ይቀራል።

አጭር አንቴና ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ሽቦ በጠባቡ ተጠቅልሎ ይገኛል። የተጠቀለለው ሽቦ ሲዘረጋ 70 ሳንቲ ሜትር ቢያልፍ እንኳ አጭሩ ከረጅሙ እኩል ይሆናል ብሎ መሸጥ ገዢን ማሳሳት ነው። ጥቅሉ የሚያደርገው ዘንጉ ከሞገዱ ጋር እንዲናበብ መርዳት ሲሆን፣ ከአየር ላይ የሚሰበሰበውን ኃይል የሚወስነው ግን ዘንጉ በእርግጥ የቆመበት ቁመት ነው። በተጨማሪም ጥቅሉ የሚናበበው በጠባብ ክልል ስለሆነ፣ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ በሚዘረጋው የኤፍ ኤም ክልል መካከል ላይ የጠራ ድምፅ የሚሰጥ አጭር አንቴና በሁለቱ ጫፎች ሊደክም ይችላል። ማሰራጫው ቅርብ በሆነበት ከተማ ውስጥ ይህ ሁሉ አይሰማም፤ በዚያ የአጭር አንቴና ገዢ አልተሳሳተም፣ ዘንጉም ከቅርንጫፍና ከበር ይተርፋል። ከከተማ ርቆ ሲወጣ ግን ኤፍ ኤም ቀስ እያለ አይደክምም፤ ከአንድ ወሰን በታች ሲወርድ ጫጫታው በድንገት ይወርሰዋል፣ አጭሩ አንቴና ደግሞ ያንን ወሰን ከኪሎ ሜትሮች በፊት ያመጣዋል።

ጣራ ላይ በማጣበቂያ ብቻ የሚለጠፈው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የሻርክ ክንፍ ቅርጽ ከነጭራሹ አንቴና አይደለም፤ የሚሠራውን ዘንግ ለጌጥ ሲባል ነቅሎ እርሱን መለጠፍ የሚያሳዝን ጥፋት ነው። አንዳንድ መኪና ደግሞ በአንቴናው መቀመጫ ውስጥ 12 ቮልት የሚፈልግ ማጉያ ስላለው፣ ሬዲዮኑ ሲቀየር ይህ ኃይል ካልተቀጠለ ማንኛውም ዘንግ ቢገጠም በደንብ አይሰማም።

አጭር አንቴና የሚያስከትለው ከሁሉ የከፋ ጉዳት ግን በመካከለኛ ሞገድ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለረጅም ዓመታት ባሰራጨበት በ873 ኪሎ ኸርዝ የሞገዱ ሩብ ብቻ 86 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ የመኪና ዘንግ ረጅሙም አጭሩም ሊናበብ አይችልም። በዚህ ክልል ዘንጉ በሞገዱ ውስጥ ያለውን ቮልቴጅ በቁመቱ ልክ ብቻ ይቀምሳል፣ የቀመሰውንም ከኬብሉ ጋር ይካፈላል፤ ዘንጉ ሲያጥር የሚቀምሰው ያንሳል፣ ኬብሉ የሚወስድበት ድርሻም ይጨምራል። በዚህ የተነሣ ዘንጉ ከ80 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር ሬዲዮኑ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ወደ አራተኛው ሳይሆን ወደ አሥራ ስድስተኛው ገደማ ይወርዳል፣ ለኤፍ ኤም የተጠቀለለው ሽቦም እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም። ወደ ክፍለ ሀገር አዘውትሮ የሚጓዝና ዜናውን በመካከለኛ ሞገድ የሚከታተል ሰው ያልተሰበረ ረጅም ዘንግ ካለው ሳይጥል መኪናው ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ ከከተማው መውጫ ላይ በእጁ ፈትቶ ለመለወጥ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።