ተኳሽና ጠመንጃ በታችኛው ኦሞ

ከጂንካ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ቍልቍል በሚዘረጋው ቈላ፣ በሐመር፣ በሙርሲ፣ በኛንጋቶምና በዳሰነች ሕዝቦች ዘንድ ጠመንጃ ከኑሮ ጋር ከተዋሐደ ብዙ ትውልድ አልፏል። በሙርሲ ዘንድ ጠመንጃ ከከብቱ ጋር የጥሎሽ አካል እስከ መሆን ደርሷል። ሰርዥ ቶርኔ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ኛንጋቶም ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ርእስም «ቢጫ ጠመንጃዎች» የሚል ሲሆን፣ ይኸውም ከሕዝቡ ስም ትርጓሜ የተወሰደ ነው። ስለዚህ የሸለቆውን ጦርነትና ሰላም የሚያጠና ሰው የአንዱን ወገን ኀይል በጠመንጃው ብዛትና ዐይነት ለመመዘን መፈለጉ አያስደንቅም። ነገር ግን ጥይትን ከዒላማው የሚያደርሰው ብረቱ ነውን ወይስ እጁ? ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ካልተመለሰ ሚዛኑ ያሳስታል።

የጠመንጃ ትክክለኛነት ማለት፣ መሣሪያው ሳይነቃነቅ ታስሮ ደጋግሞ ቢተኰስ ጥይቶቹ ምን ያህል ተቀራርበው ያርፋሉ ማለት ነው። የተኳሽ ችሎታ ግን ሌላ ነው፤ ትንፋሽን መግዛት፣ ምላጭን ሳያናውጡ መሳብ፣ ርቀትን በዓይን መገመትና የነፋስን ግፊት ማወቅ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ሲገናኙ እንዲሁ አይደመሩም፤ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ከተደመረ በኋላ የድምሩ ካሬ ሥር ይወሰዳል። ለምሳሌ በ100 ሜትር ላይ የጠመንጃው ስሕተት 10፣ የተኳሹ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠቅላላው 40 ሳይሆን 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጠመንጃው ስሕተት በግማሽ ቢቀነስ ጠቅላላው ከ30 አይወርድም፤ የተኳሹ በግማሽ ቢቀነስ ግን ወደ 18 ይወርዳል። እንግዲህ ውጤቱን የሚገዛው ከሁለቱ የበለጠ የሚሳሳተው ወገን ነው።

በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ሩዶልፍ፣ ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሐይቅ ድረስ ሲዘልቅ የሸለቆው ሰው ዋና መሣሪያ ጦር ነበር። ከዚያ ወዲህ የዝሆን ጥርስ ንግድ እየሰፋ ሲሄድ ጠመንጃም ከነጋዴና ከወታደር እጅ ወደ ከብት አርቢው እጅ ገባ። በኢትዮጵያ እጅግ የታወቀው ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ መሣሪያ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት አንድ በአንድ ይጐርሣል፤ የጥይቱም ፍጥነት በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ነው። የአየር ተቃውሞ ባይኖር እንኳ 300 ሜትር እስኪደርስ ድረስ ጥይቱ ከ2 ሜትር በላይ ይወድቃል። የ300 ሜትሩን ርቀት 250 ነው ብሎ የገመተ ተኳሽ እጁ ባይንቀጠቀጥም ከዒላማው ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ አድርጎ ይመታል። የጥቍሩ ባሩድ ጢስም ያለበትን ስፍራ ወዲያው ያጋልጠዋል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት በልምምድ ማረም ይቻላል፤ ልምምድ ግን ጥይት ይፈጃል። በታችኛው ኦሞ ደግሞ ጥይት ውድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን እንደ ዝርዝር ገንዘብ የሚመነዘር ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ገንዘቡን በዛፍ ላይ ተኵሶ የሚጨርስ ሰው ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ብልኅ አዳኝ የሚያዋጣው ከሩቅ መተኰስ ሳይሆን ነፋሱን ለይቶ፣ በቍጥቋጦው ተከልሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ መቅረብ ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የእጁም የብረቱም ስሕተት በዚያው ልክ ይቀንሳልና። እግርና ትዕግሥት የማነጣጠሪያን ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው።

ይህን ሚዛን የለወጠው ክላሽንኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲን ያጠናው ዴቪድ ተርተን እንደ መዘገበው፣ በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) በሱዳን በኩል ክላሽንኮቭ ያገኙ ኛንጋቶሞች የቆዩ ጠመንጃዎች በያዙት ሙርሲዎች ላይ አደጋ ጥለው በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችን ገደሉ። ለቍጥሩ አነስተኛ ለሆነው ሕዝብ ይህ ከባድ እልቂት ነበር።

እልቂቱ አዲሱ መሣሪያ ከሩቅ አስተካክሎ ስለሚመታ የደረሰ ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የክላሽንኮቭ ጥይት በሴኮንድ 715 ሜትር ያህል ስለሚበር በቅርብና በመካከለኛ ርቀት የግምትን ስሕተት ያቃልላል፤ በሩቅ ዒላማ ላይ ግን አፈ ሙዙ ረጅም የሆነ ያልተጐዳ ምንሽር ይበልጠዋል። ብልጫው በብዛት ላይ ነው፤ ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል፣ ተኳሹም በየተኵሱ መካከል ማጉረስ የለበትም። አንድ ጥይት ከዐሥር አንድ የመምታት ዕድል ቢኖረው፣ ዐሥር ጥይት ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምታት ዕድሉ ከመቶ 65 ይሆናል። ይህም ማለት ዘመን የሚጠይቀው የዓይንና የእጅ ትምህርት በጥይት ብዛት ተተካ ማለት ነው። ያልሠለጠነ ጐልማሳ ከሠለጠነ አዳኝ ጋር እኩል አደገኛ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ አገር ስለ መሣሪያ የሚመረምር ሰው «ስንት ጠመንጃ አለ?» ብሎ መቍጠር ብቻ አይበቃውም። ጥይቱ በምን ዋጋ እንደሚገኝ፣ ወጣቱ መተኰስን ከማንና እንዴት እንደሚማር፣ ከስንት እርምጃ ላይ ሆኖ እንደሚተኵስ ጭምር ሊጠይቅ ይገባዋል። የ1979 ዓ.ም. ሙታን የወደቁት ከሩቅ በሚያነጣጥር ጥበብ ሳይሆን ጥበብን ከማያስፈልግበት ደረጃ ባደረሰ የጥይት ብዛት ነውና።