አልወርድ ያለ ጉርሻ

በጉራጌ አገር መስቀል ያለ ክትፎ አይታሰብም። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ የወረደ ዘመድ ከክትፎው፣ ከአይቡና ከቆጮው ካልጎረሰ “ምን አስከፋህ?” መባሉ አይቀርም። ሰውየው የማይበላው ከፍቶት ሳይሆን የጎረሰው አልወርድ ብሎት ቢሆንስ?

አካሌዥያ የሚባል ሕመም አለ። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ ያለው ክብ ጡንቻ እንደ በር ነው፤ ስንውጥ ይላላል፣ ካሳለፈ በኋላ ይዘጋል። በሕመሙ ምክንያት በሩን የሚያዙት ነርቮች ሲሞቱ ጡንቻው መላላት ያቅተዋል፤ ቧንቧውም ምግቡን በወጉ ወደ ታች መግፋት ይሳነዋል። በዓመት ከ100 ሺሕ ሰዎች አንድ ገደማ ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ቶሎ አይጠረጠርም። ታማሚው “ጨጓራ ነው” እየተባለ ለዓመታት መድኃኒት ሲውጥና ሲከሳ ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። በምግብ ቧንቧ ካንሰር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ደረቅ ምግብ ነው፤ በአካሌዥያ ግን ቆጮውም ውሃውም ከመነሻው ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በግምት የሚወሰን አይደለም። ካንሰር አለመሆኑ በኢንዶስኮፒ ይጣራል፤ ባሪየም ተጠጥቶ የሚነሳው ራጅ የበሩን መጥበብ ያሳያል፤ የቧንቧውን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ደግሞ ሕመሙን ያረጋግጣል።

የሞተውን ነርቭ የሚመልስ ሕክምና የለም፤ ያለው አማራጭ በሩን መክፈት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኧርነስት ሄለር እ.ኤ.አ. በ1913 ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና ከፈተ። በእኛም አገር ለረጅም ጊዜ የተለመደው ይኸው ሕክምና ደረት ወይም ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ነው። ዛሬ ግን ቀለል ያሉ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በአፍ የገባ ፊኛ በሩ ላይ ተነፍቶ ጡንቻውን የሚለጥጥበት ነው፤ ታማሚው ቶሎ ቤቱ ይገባል፣ ነገር ግን መደጋገም ሊያስፈልግ፣ አልፎ አልፎም ቧንቧው ሊበሳ ይችላል። ሁለተኛው የሄለርን ሥራ በሆድ ላይ በሚከፈቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በላፓሮስኮፒ መሥራት ነው። ሦስተኛው ፖኤም ይባላል፤ ጃፓናዊው ሐሩሂሮ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ሲሆን፣ በአፍ በገባ ኢንዶስኮፒ ጡንቻው ከውስጥ ይቆረጣል። ለቀዶ ሕክምና አቅም የሌላቸው ደግሞ የቦቱሊነም መርፌ ይሰጣቸዋል፤ ጥቅሙ ግን በአብዛኛው ከዓመት አይዘልም።

የትኛው ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ፊኛው ለ86 በመቶ፣ ላፓሮስኮፒው ለ90 በመቶ ታማሚዎች እንደሠራ አሳየ፤ ልዩነቱ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሌላ ጥናት ግን ፖኤም 92፣ ፊኛው 54 በመቶ አገኙ። ያው ፊኛ እንዴት ይህን ያህል ተራራቀ? አንዱ ዋና ምክንያት በመጀመሪያው ጥናት ፊኛውን በተደጋጋሚ መንፋት ሲፈቀድ፣ በሁለተኛው በጣም የተገደበ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ፖኤምና ላፓሮስኮፒ ሲነጻጸሩ 83 እና 82 በመቶ ሆነው ተቀራረቡ፤ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በአሲድ የቆሰለ ቧንቧ በፖኤም 44፣ በላፓሮስኮፒ 29 በመቶ ታማሚዎች ላይ ታይቷል።

ስለዚህ ጥያቄው “የትኛው ይሻላል?” ብቻ ሳይሆን “ለማን?” የሚል ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ፊኛውን መድገም የግማሽ ቀን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለወልቂጤ ሰው ግን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ማደሪያ፣ አስታማሚና የተዘጋ ሱቅ ማለት ነው። ፖኤም የተሠራለትም የአሲድ መድኃኒቱንና ክትትሉን እንዴት እንደሚያዘልቅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

እኔ የሕግ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አማራጩን ያልተነገረው ሰው ግን እምቢታውም ፈቃዱም የጭፍን ነው። ስለሆነም ታማሚው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ? ቧንቧው ቢበሳ እዚሁ ይጠገናል? ከዚያ በኋላስ ምን እወስዳለሁ? የሚውጠው አልወርድ ያለው ሰው ደግሞ እስከ መጪው መስቀል አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ይመርመር።