የተቀነሰው በጀት፣ የተዛወረው ሸክም

እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ መንግሥት በየአካባቢው የአእምሮ ጤና ማዕከላት የሚቋቋሙበትን ሕግ ሲያውጅ፣ ሕሙማን ከግዙፍ ሆስፒታሎች ወጥተው በወገናቸው መካከል ይታከማሉ ተብሎ ነበር። የሆስፒታሎቹ በሮች ተከፈቱ፤ ከታቀዱት 1,500 ማዕከላት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ተሠሩ።

ኦገስት 13 ቀን 1981 ፕሬዚዳንት ሬገን የማዕከላቱን ድጎማ የሚቀንስ የበጀት ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዕለት በፈረሙት ሌላ ሕግ፣ በከበርቴዎች ገቢ ላይ የተጣለው ከፍተኛ ግብር ከ70 ወደ 50 በመቶ ወረደ። አንዱ እጅ የነጠቀውን ሌላው ለማን እንደሰጠ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንሻም።

ሕመም ግን በአዋጅ አይሽርም፤ ሸክሙ ወደ ድሃ ቤተሰብ ትከሻ፣ ወደ ጎዳናና ወደ ወህኒ ቤት ተዛወረ። ስለዚህ በየትም አገር «ወጪ ተቀነሰ» በተባለ ቁጥር፣ የማን ሸክም ቀለለ፣ የማንስ ትከሻ ጎበጠ ብሎ መጠየቅ የሠርቶ አደሩ ተግባር ነው እንላለን።