በኮምፒዩተር ለሚታረም የእንግሊዝኛ ፈተና ጊዜን ሳያባክኑ ስለ መዘጋጀት

«ሠርገኛ መጣ፤ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት፣ የፈተና ቀን በተቃረበ ቍጥር በየክፍሉ ሲፈጸም እናየዋለን። ከ12ኛ ክፍል ጓደኞቻችን መካከል በውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ለማግኘት የሚያመለክቱ ስላሉ፣ በሰው ፈንታ በኮምፒዩተር ስለሚታረመው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የተረዳሁትን ለአንባቢያን ለማካፈል ወደድሁ።

ይህን ጉዳይ እንድመረምር ያነሣሣኝ በታላቅ ወንድሜ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ወንድሜ በእንግሊዝኛ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ነገር ግን በስልክ በአውራ ጣቱ ከመጻፍ በቀር የኮምፒዩተር ፊደል ገበታ አልለመደም ነበርና፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ሲፈልግ የተሰጠው ደቂቃ አለቀበት። አሳቡ በልቡ ቀረ፤ እናታችን ለፈተናው ብለው ያጠራቀሙት ገንዘብም አብሮ ሄደ። የጎደለው እንግሊዝኛ አልነበረም፤ የፈተናውን ጠባይ ማወቅ ነበር እንጂ።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር ድርሰትን እንዴት አድርጎ ያርማል? ይህን አሳብ በሰፊው ያስተዋወቁት፣ ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩት አሜሪካዊው ኤሊስ ፔጅ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። መንገዳቸው ይህ ነው። በመምህራን የታረሙ ብዙ ድርሰቶች ለኮምፒዩተሩ ይሰጡታል። እርሱም የድርሰቱን ርዝመት፣ የቃላቱን ርዝመት፣ የነጠላ ሰረዙን ብዛትና ይህን የመሳሰለውን ሁሉ ቈጥሮ፣ ከመምህራኑ ማርክ ጋር እያስተያየ የትኛው ምልክት ከጥሩ ማርክ ጋር እንደሚሄድ ያሰላል። አዲስ ድርሰት ሲቀርብለትም በዚያው ስሌት ይገምታል። የዛሬዎቹ አራሚዎች ሰዋስውን፣ የቃላትን ስብጥርና የአሳብን አግባብነት ጭምር የሚመለከቱ ቢሆኑም፣ ሥረ መሠረታቸው ያው ነው፤ ኮምፒዩተሩ መምህር ይሰጠው የነበረውን ማርክ ይተነብያል።

ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱ የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። በቤት ሆኖ በራስ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማርኩም ከ10 እስከ 160 ነው። ጥያቄዎቹ እንደ ተፈታኙ አቅም ይለዋወጣሉ፤ በትክክል ሲመልሱ ይከብዳሉ፣ ሲሳሳቱ ይቀላሉ። ስለዚህ ከባድ ጥያቄ የገጠመው ተማሪ ሊደነግጥ አይገባውም፤ ምናልባት ደኅና መሥራቱን የሚያመለክት ነውና።

አንዳንዶች ኮምፒዩተርን በቀላሉ ማታለል ይቻላል ብለው ረዣዥም ድርሰት በቃል ያጠናሉ። እርግጥ ነው፣ ሌስ ፔረልማን የተባሉ አሜሪካዊ የጽሕፈት መምህር እ.ኤ.አ. በ2014 ከተማሪዎች ጋር ትርጉም የለሽ ድርሰት የሚያመርት ፕሮግራም ሠርተው፣ ከኮምፒዩተር አራሚ ከፍተኛ ማርክ ማግኘቱን አሳይተዋል። ነገር ግን በዚህ መታመን አደገኛ ነው። በዱኦሊንጎ ፈተና የተፈታኙ ምስልና ድምፅ ተቀድቶ በሰዎችም ይመረመራል፤ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ መልስም ማርክ ያሳጣል። ይልቁንም ቢታለል እንኳ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መምህሩን የማይሰማ ተማሪ የሚያታልለው ራሱን ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በተለይ የምንሰናከልባቸው ነገሮች አሉ። «ሺፕ» ስንል መርከብ ይሁን በግ አይለይም፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ነው። «ሲንክ» ስንልም ማሰብ ይሁን መስጠም አይታወቅም፤ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረው ድምፅ በአማርኛ የለምና። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ ስለማይለይ፣ የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በትልቁ ፊደል መጻፍ እንረሳለን። ከስም በፊት የሚገቡትን «ኤ» እና «ዘ» የተባሉትን ትናንሽ ቃላትም እንዘላለን። ተፈታኙ የሰማውን እንዲጽፍ በሚታዘዝበት ጥያቄ ግድፈት ማርክ ሊቀንስ ይችላል።

እንግዲህ በቀን አንድ ሰዓት ለስምንት ሳምንት የሚሠራ ሰው የሚከተለውን ቢያደርግ መልካም ነው።

አንደኛ፤ ፈተናው የሚያቀርበውን ነጻ መለማመጃ በመጀመሪያው ቀን ሠርቶ ድካሙን ይወቅ። የሚያውቀውን እየደጋገመ ጊዜውን አያጥፋ።

ሁለተኛ፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ በዐሥሩም ጣት መጻፍ ይለማመድ። ቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው በትምህርት ቤት ወይም በወዳጅ ቤት ይለማመድ።

ሦስተኛ፤ 15 ደቂቃ አጫጭር የእንግሊዝኛ ንግግር እያዳመጠ ይጻፍና ከጽሑፉ ጋር ያስተያይ።

አራተኛ፤ አንድ ሥዕል አይቶ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ይናገር፤ ድምፁንም በስልክ ቀድቶ ይስማ። እኔ የራሴን ድምፅ መጀመሪያ ስሰማ አፈርሁ፤ ነገር ግን በየቃሉ መካከል «እ» እያልሁ መቆሜን ያወቅሁት በዚያ ነው።

አምስተኛ፤ ሰዓት ይዞ በአምስት ደቂቃ አንድ አንቀጽ ይጻፍ። በቀረው ጊዜ የሳታቸውን ነገሮች በደብተር ይመዝግብ፤ በየሳምንቱም መጨረሻ ይህን ደብተር ይከልሰው።

በፈተናው ቀን ደግሞ ብቻውን ጸጥታ ባለበት ክፍል ይቀመጥ፤ ዓይኑንም ከኮምፒዩተሩ አያርቅ፣ ወደ ጎን መመልከት ውጤቱን ሊያሰርዝ ይችላልና። መብራትና ኢንተርኔት የማይቋረጥበትን ቦታ አስቀድሞ ይምረጥ። በዚህ ረገድ ወላጆች ታላቅ ርዳታ ማድረግ ይችላሉ፤ ለአንዲት ሰዓት በሩን ዘግቶ ቤቱን ጸጥ ማሰኘት ገንዘብ ከመክፈል የማያንስ ስጦታ ነው።

የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በትጋት የተገኘ ቋንቋ ግን ዘመን አይሽረውም። ወንድሜም ተስፋ አልቈረጠም። ማታ ማታ ከእኔ ጋር ከገበታው ፊት ተቀምጦ ይለማመዳል፤ እናታችንም ለሁለተኛው ፈተና እንደ ገና ማጠራቀም ጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ግን በርበሬው የሚቀነጠሰው ሠርገኛው ሳይደርስ ነው።