በሌላ ዲግሪ ወደ ንግግር ሕክምና

በአሜሪካ በንግግርና በቋንቋ ሕክምና ሙሉ ባለሙያ ሆኖ ለመሥራት ማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዲግሪ ግን የግድ በዚሁ ሙያ የተገኘ መሆን የለበትም። በአካውንቲንግ፣ በታሪክ ወይም በምሕንድስና የተመረቀ ሰውም ያመለክታል፣ ይገባልም። የሚጎድለው ጥቂት ኮርስ ነው።

ከጎደሉት አንዳንዶቹን የሚጠይቀው የሙያ ማኅበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተውና በአጭር ስሙ አሻ የሚባለው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር የብቃት ማረጋገጫ ለመስጠት ስታቲስቲክስ፣ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ፣ እንዲሁም ማኅበራዊ ወይም የባሕርይ ሳይንስ መማርን ይጠይቃል። ብዙ ተመራቂ ከእነዚህ ገሚሱን ቀድሞ ወስዷል። በስታቲስቲክስ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ በሙያው ውስጥ የሚሰጥ የምርምር ዘዴ ኮርስ አይተካውም።

ሌሎቹ ማሟያ ኮርሶች የየዩኒቨርሲቲው ናቸው፦ ፎነቲክስ፣ የንግግርና የመስማት አካላት አናቶሚ፣ ሕፃናት አፍ የሚፈቱበት ሂደት፣ የኦዲዮሎጂ መግቢያ። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁሉም ሳይጠናቀቁ ማመልከቻ አይቀበልም፤ ሌላው ተማሪውን ተቀብሎ የሁለት ዓመቱን ትምህርት ወደ ሦስት ያራዝምለታል። እንደ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ ኮርሶቹን በኦንላይን ያስተምራሉ፤ ሥራውን መተው ለማይችል ሰው የሚሻለው ይኸኛው ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ፎነቲክስ ላይ ሲደርስ ባላሰበው ቦታ ይቀናዋል። አሜሪካዊው ተማሪ እንደ እንግዳ ነገር የሚያጠናቸውን የጠ፣ የጨ፣ የቀና የጸ ድምፆች እሱ ከልጅነቱ ሲጠራቸው ኖሯል። ዕውቀቱ በሥራም ላይ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛው «ቲንክ» መነሻ ላይ ያለው፣ ምላስ በጥርስ መካከል ሆኖ የሚወጣው ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። ስለዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ ቃሉን በ«ስ» ወይም በ«ት» ቢጀምረው የቋንቋው ጠባይ እንጂ የንግግር ችግር አይደለም። ሁለቱን መለየት የባለሙያው ግዴታ ነው።

ዲግሪው ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስክሪፕቱን አቻ በሚገምት ድርጅት ማስመዘን ያስፈልጋል። ማመልከቻው ላይ ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤና ሙያ ለመቀየር የተነሣበትን ምክንያት የሚያስረዳ ጽሑፍ ይታያሉ። አስተማሪነትም ሆነ አስተርጓሚነት እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ዋጋ አለው፤ የቀድሞ ሙያን መደበቅ ስሕተት ነው።

ከገቡ በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል። 400 የክሊኒክ ሰዓት፣ ከዚህም 25ቱ ምልከታ፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር፤ ቀጥሎ ፕራክሲስ የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና፤ ከምረቃ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በአማካሪ ሥር መሥራት ለሁሉም እኩል ነው።

ለማሟያ ኮርስ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማመልከት የሚፈለግባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱን ይቀበሉ እንደሆነ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይበጃል።